ሞተር አላለፈም

የሼህ ሙቅቢል ጀምቢያ የጠፋችው ራሳቸው ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ ሳይላጭ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ሙስዒድ ቀኝ ጎናቸውን ጨርሶ፣ ምላጩን በፎጣ ጠርጎ ወደ ግራው ሲዞር፣ ሼሁ ፊት ለፊታቸው ባለው መስታወት ውስጥ በሩን አዩ። ከበሩ መቃን ላይ ምስማሩ ይታያል። ምስማሩ ላይ ግን ምንም የለም።

«ሙስዒድ» አሉ አንገታቸውን ሳያዞሩ።

«አቤት ሼህ።»

«ይሄ መስታወትህ ያለውን ነገር ሁሉ ያሳያል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እንደ ዓይን ነው።»

«እንግዲያው ጀምቢያዬ የት ሄደች?»

ምላጩ ከሙስዒድ እጅ ወደቀ።

በሐይድ መንደር ትልቅ ሰው ሊላጭ ሲገባ ቆልማማ ጩቤውን ከነቀበቶው ከወገቡ ፈትቶ ደጅ ይሰቅላል። የሙስዒድ ሱቅ ከአንድ ወንበርና ከአንድ ሙስዒድ ሌላ አይችልም፤ ስለዚህ ጀምቢያዋን ያየ ሁሉ «ውስጥ ሰው አለ» ብሎ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላል። እንኳን የሼህ ጀምቢያ፣ የገበሬ መቀነት ከዚያ ምስማር ላይ ጠፍቶ አያውቅም። የሼሁ ደግሞ እንዲሁ ጩቤ አይደለችም። ቀንድ እጀታዋ በአባትና በአያት መዳፍ ታሽቶ ማር መስሏል። ሼሁ ያለሷ ሽማግሌዎች መሀል ቢቀመጡ እርቃናቸውን የተቀመጡ ያህል ነው።

ደጅ ተራ ይጠብቅ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ድንጋይ ጠራቢው ሸውቂ። የዚያኑ ዕለት ሙሽራ ነው። ሊላጭ መጥቶ፣ የሠርጉ ሽር ጉድ ለቀናት እንቅልፍ ስለነሳው፣ ግድግዳውን ተደግፎ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። የሼሁ ዘመዶች ሲይዙት ገና ያንኮራፋ ነበር።

«ሰርቆ የተኛ መሰለ!» አለ አንዱ።

«ተኝቶ የሰረቀ መሰለ እንጂ» አለ ሙስዒድ። የሰማው የለም። ሸውቂን እየጎተቱ ወስደው ሼሁ ቤት፣ የእህል ጎተራ ውስጥ ቆለፉበት።

ሼሁም ግማሽ ራሳቸው ላይ ሻላቸውን ጠምጥመው ማሉ። ጀምቢያቸው ወገባቸው ላይ ሳትመለስ ግራ ጎናቸውን ምላጭ አይነካውም፤ ሸውቂም ከጎተራ አይወጣም።

*

መቶ አለቃ ዙበይር ወደዚህ ተራራ ከተዛወረ ወር አልሞላውም። የዘቢድ ሰው ነው፤ የሜዳና የቴምር አገር ልጅ። እዚያ መሬቱ እንደ ትሪ ዝርግ ስለሆነ፣ አንድ ነገር ከእጅህ ቢወድቅ የወደቀበት ታገኘዋለህ። እዚህ ግን ከእጅ ያመለጠ ብርቱካን ሌላ መንደር ገብቶ ነው የሚቆመው። በዚህ የተነሳ ዙበይር ተራራው ግርጌ፣ ገበያው ዳር ካለው ጣቢያው ብዙም አይወጣም። ከመስኮቱ ሆኖ ወደ ሐይድ የሚወጣውን ጥምዝምዝ መንገድ እያየ፣ እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ሰው እንዴት ይኖራል ብሎ ያስባል።

የሼሁ መኪና ልትወስደው ስትመጣ አስር አለቃ ፋድልን ጠራ። ፋድል ከጣቢያው ጓሮ ወጣ። አርባውን ያለፈ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ሰው ነው። የሙሽሪት የቱቃ ታላቅ ወንድምም ነው።

«ሰማህ?» አለው ዙበይር።

«ሰማሁ ጌታዬ። እህቴ እያለቀሰች ነው። አባቴ ደግሞ ሙሽራው ፀሐይ ሳትጠልቅ በክብር በራፌ ካልደረሰ ልጄን ለሌባ አልሰጥም ብሎ ምሏል።»

«ዛሬ ያልማለ ሰው የለም እንዴ?» አለ ዙበይር። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየው። «ይሄ ካፖርት ምንድን ነው?»

ፋድል እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የክረምት ካፖርት ለብሶ፣ እስከ አንገቱ ቆልፎታል።

«ወገቤን ብርድ መትቶኝ ነው።»

«እኔ የሜዳው ሰው በሸሚዝ ቆሜ፣ አንተን የተራራውን ልጅ በረደህ?»

«ምን ላድርገው ጌታዬ፣ እኔን መርጦ መታኝ።»

«በል፣ በጣቢያው ሞተር ተከተለኝ።»

*

ዙበይር ምስማሩ ስር ቆሞ ረጅም ጊዜ አየው። መንደርተኛው ከኋላው ከብቦታል። ምስማሩ ከመንገዱ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ወደ ግራ፣ ወደ ቁልቁለቱ በኩል ጎብጧል።

«ሌባው ግራኝ ነው» አለ ዙበይር በመጨረሻ።

ሰዉ ሁሉ ባንድነት ዞሮ ሙስዒድን አየው። ሙስዒድ ምላጩን በግራ እጁ ይዞ ቆሟል።

«ኧረ ጌታዬ!» ብሎ ጮኸ። «ግራ እጄ ምላጭ ይዟል፤ ቀኝ እጄ የሼሁን ጆሮ ይዟል። ሦስተኛ እጅ ካገኘህብኝ እሰረኝ!»

«ጆሮዬን ይዞኝ ነበር» አሉ ሼሁ ከሻላቸው ስር። «እንዲያውም አጥብቆ ነው የያዘኝ።»

«እሺ፤ ያን ጊዜ በዚህ ሞተር አልፏል?»

«የለም፣ ሞተር አላለፈም» አለ ሙስዒድ።

«ሞተር አላለፈም» አሉ ሼሁ። መንደርተኛውም እንዲሁ አለ።

«መኪና?»

«ከሼሁ መኪና ሌላ መኪና የት አለንና? እሷም ቆማ ነበር።»

«ታዲያ ምን አለፈ?»

«ነፋስ ነዋ» አለ ሙስዒድ፤ ሰው በጧት ምን ይወጣል ተብሎ ሲጠየቅ ፀሐይ ብሎ እንደሚመልስ ዓይነት።

ዙበይር ቀና ብሎ ዛፎቹን አየ። አንድ ቅጠል አይነቃነቅም።

«ጌታዬ» አለ ፋድል ከጎኑ ተጠግቶ። «ምስማሩን እኔ ልጠብቅልዎ። እርስዎ ውስጥ ገብተው አረፍ ይበሉ። ሰዉንም ይበትኑት።»

«ማስረጃ ነው፤ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

«እኔም ማስረጃ ነው ስላልኩ ነው እንጂ...»

«አስር አለቃ፣ ዘወር በል።»

ፋድል ዘወር አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ተመልሶ መጣ፤ «ምስማሩን ብቻዬን ብመረምረው ምናልባት» ብሎ ጀመረ፤ ዙበይር በዓይኑ አባረረው።

«ጌታዬ፣ ዝንጀሮስ ቢሆን?» አለ ሙስዒድ፣ ከጥርጣሬው ለመውጣት ቸኩሎ። «ባለፈው የመላጫ ብሩሼን ወስዶ ገደል ላይ ሲላጭበት በዓይኔ አይቻለሁ።»

ይሄ ለዘቢድ ሰው አዲስ ነገር ነው። ዙበይር ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ገደል ሄዶ አየ። እውነትም ዝንጀሮዎቹ ቋጥኙ ላይ ተኮልኩለዋል። አንደኛው አውራ ዝንጀሮ የሚያብለጨልጭ ነገር እጁ ላይ ይዞ ያገላብጣል። ዙበይር ወደሱ አመራ። በእጅና በጉልበቱ ዳኸ፣ የሱሪው ቁራጭ እሾህ ላይ ቀረ፣ አንድ ጊዜ ተንሸራቶ ቁልቋል አቀፈ። በመጨረሻ ደርሶ ድንጋይ ሲወረውር ዝንጀሮው ንብረቱን ጥሎ ሄደ። የሰርዲን ቆርቆሮ ነው።

ሲመለስ ፋድል ምስማሩ አጠገብ ቆሟል፤ ግን ያን ሁሉ ሰው ከዚያ ማን ይበትነዋል? ግማሹ ስለ ምስማሩ ጉብጠት እየተከራከረ ነው፤ ግማሹ ክርክሩን ለመስማት መጥቷል።

*

ሸውቂ ጎተራው ውስጥ የማሽላ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጧል። የሙሽራ ልብሱ ዱቄት በዱቄት ሆኗል።

«መቶ አለቃ፣ ስለ አላህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «ሰው የሰረቀውን ይዞ የተሰረቀበት ቦታ ይተኛል?»

«ብልጥ ሌባ ከሆነ ይተኛል።»

«እኔን ብልጥ ነው ያለህ ማነው? ቱቃን ጠይቃት። ልጠይቅሽ ልምጣ ለማለት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።»

ዙበይር ሳቁን ዋጠ። «ስትተኛ የሰማኸው ነገር የለም?»

«ምንም። ብቻ ነፋስ ሲነካኝ ትንሽ ነቃ ብዬ ነበር። ጉንጬን እሽ አድርጎኝ አለፈና መልሼ ተኛሁ።»

«ከየት በኩል መጣ ነፋሱ?»

ሸውቂ ግራ ገባው። «ከላይ ነዋ!»

«ከታች ሊመጣ አይችልም?»

«መቶ አለቃ» አለ ሸውቂ፣ ለታመመ ሰው በሚናገሩበት ድምፅ፣ «ነፋስ እንዴት አድርጎ ከታች ይመጣል?»

ዙበይር ስለ ተራራ አየር ትምህርት ቤት የተማረውን ለማስታወስ ሞከረ። ምንም አልመጣለትም።

«ልትለቀኝ ነው?» አለ ሸውቂ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልደረስኩ አባቷ ለሌላ ይድራታል። ያ ሰው ያለውን አያጥፍም።»

ዙበይር ተነሳ። ሲወጣ የጎተራው ቁልፍ ከኋላው ሲቆለፍ ሰማ፤ ድምፁም ከሚገባው በላይ ቆየበት።

*

ከሙስዒድ ሱቅ ዝቅ ብሎ፣ መንገዱ ዳር፣ የመንደሩ የውሃ ጉድጓድ አለ። እዚያ ሐጃ ጉሱን ከነጀሪካናቸው ከጧት እስከ ማታ ይቀመጣሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ሌላ ነው።

«ሐጃ፣ ጀምቢያዋ የጠፋች ጊዜ በዚህ የሮጠ ሰው ነበር?»

«በእግሩ? የለም ልጄ።»

«ሞተርስ?»

«ሞተርም አላለፈም። ሁለት ጊዜ ነፋስ አልፏል።»

«ሁለት ጊዜ ብቻ?»

«ሁለት ጊዜ ብቻ። ቀን ላይ ነፋስ ይቀንሳል፤ የሚበዛው ጧት ገበያተኛ ሲወርድ ነው።»

ዙበይር ይሄንንም አየር ትምህርቱ ውስጥ ሊያስገባው ሞከረና ተወው።

«የመጀመሪያው ቀጭን ነው፤ ሽው ብሎ አለፈ» አሉ ሐጃ ቀጠሉና። «ሁለተኛው ግን ከበድ ያለ ነው፤ ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ።»

«ነፋሱን?»

«አዎ። ያስላል።»

ዙበይር በአክብሮት ራሱን ነቀነቀና ፋድልን ወደ ጎን ወሰደው። «ምስኪን» አለው በሹክሹክታ። «ዕድሜ ነው።»

ፋድል ፊቱን አዞረ። የጉድጓዱን ጣሳ አንስቶ ይጠጣል። ጨርሶ ደግሞ ቀዳ። ደግሞ ጠጣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ምን ሆነሃል?»

ፋድል በጣሳው ውስጥ ሆኖ «ጥም» የሚል ድምፅ አሰማ።

*

ፀሐይ ወደ ምዕራቡ ሸንተረር ስታዘነብል ዙበይር የያዘው ነገር ቢኖር አንድ የጎበጠ ምስማርና አንድ የሰርዲን ቆርቆሮ ነው። ሼሁ አይለቁም። የሙሽሪት አባት አይጠብቁም።

«ወርደን አባትህን እንለምናቸው» አለው ፋድልን። «እስከ ነገ ይታገሡ። መኪናዋ የት አለች?»

«የሼሁን ሴቶች ይዛ ወደ ሠርጉ ወርዳለች።»

«ሙሽራው ታስሮ?»

«ሙሽራው ነው እንጂ የታሰረው፣ እራቱ አልታሰረም ጌታዬ።»

ስለዚህ ዙበይር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሄን ቁልቁለት በሞተር ሊወርድ የፋድልን ካፖርት ይዞ ከኋላ ወጣ። ካፖርቱ ስር አንድ ጠጣር ነገር ተሰማው። የወገብ መደገፊያ ነው ብሎ አሰበ።

ከሼሁ ደጅ ተነሱ። ሞተሩ ተንደቀደቀ፣ መንገዱ ወደ ታች ዘመመ፣ የፋድልም ሐሳብ እህቱ ጋ ስለነበረ ነው መሰል፣ ቀኝ እጁ ጌታውን ሳይጠይቅ ሄዶ ቁልፉን አዞረ።

ዝም አለ።

«ሞተሩ ጠፋ!» አለ ዙበይር።

«አልጠፋም፤ አጠፋሁት።»

«ለምን?»

«እየወረድን እኮ ነው!» አለ ፋድል፣ ጥያቄው ገርሞት።

ዙበይር ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ግን ሳይቆጣ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። ጎማው አስፋልቱ ላይ እንደ ሐር ይንሸራተታል። ዓለም ሁሉ ድምፁ ተከፈተ። የእርከኖቹ ማሽላ ሲንሾካሾክ፣ ማዶ ላም ስታመሰኳ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሴት ልጇን ስትቆጣ፣ ሁሉ ነገር ይሰማል፤ እነሱን ግን ማንም አይሰማም። ወፍ እንዲህ ይሆን የሚሰማት ብሎ አሰበ። የራሱ ክብደት የት እንደ ሄደ ጠፋው።

ከዚያ የሙስዒድ ሱቅ መጣ። ፋድል ፍጥነቱ እንዳይሞት የመታጠፊያውን ውስጠኛ ጠርዝ ይዞ፣ ግድግዳውን ሊልስ ምንም አልቀረው፤ ዙበይር «ዋ!» ብሎ አንገቱን ሲያዘነብል ራሱ ላይ የነበረው ነገር ሄደ። ዞር ብሎ አየ። የፖሊስ ኮፍያው ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ይወዛወዛል።

ፋድል አሳለ።

ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ሐጃ ጉሱን ጀሪካናቸውን እየከደኑ ነበር። አንዲት ጎረቤታቸው «ምንድን ነው ያለፈው?» አለች። ሐጃ ቀና ሳይሉ መለሱ፣ ጥርት ብሎም ለዙበይር ተሰማው፦

«ነፋስ ነው። ያው የቅድሙ፣ የሚያስለው።»

የጎበጠው ምስማር፣ ከላይ ብቻ የሚመጣው ነፋስ፣ ጧት ጧት ገበያ የሚወርደው ነፋስ፣ ሁሉም አንድ በአንድ መጥተው በዙበይር ራስ ውስጥ ቦታቸው ተቀመጡ። ከዚያ እጁን ከካፖርቱ ውጭ ጠጣሩ ነገር ላይ አሳረፈ። ጫፉ ቆልማማ ነው።

«አስር አለቃ ፋድል።»

«አቤት ጌታዬ።»

«እዚህ አገር ሞተር አጥፍቶ መውረድ ምን ይባላል?»

ቁልቁለቱ ይዟቸው ይሄዳል።

«በነፋስ መውረድ» አለ ፋድል በቀጭን ድምፅ።

«ቁም!»

«አልቆምም ጌታዬ!»

«መቶ አለቃህ ነኝ፣ ቁም እልሃለሁ!»

«ከፊታችን ጉብታው አለ! አሁን ከቆምን በባዶ አንወጣውም፤ ሞተር ማስነሳት ሊኖርብን ነው። ቤንዚን ደግሞ ጥቂት ነው የቀረን። በነፋስ የሚወርድ ሰው ጉብታውን ሳያልፍ ምንም ቢመጣ አይቆምም! ይሄን ሕፃን ያውቀዋል!»

«ስለዚህ ማንም አልጠረጠረህም።»

«እንዴት ይጠረጥሩኛል? ለመስረቅ መቆም አለብኝ። ከቆምኩ ሞተር አስነሳለሁ። ካስነሳሁ አገር ይሰማል። ስለዚህ ነፋስ ይሰርቃል ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። እኔም አልቆምኩም! ወላሂ አልቆምኩም!»

ጉብታው መጣ፤ ሞተሩ እየዛለ፣ እየዛለ ወጣው፤ አናቱ ላይ ሊቆም ሲል ሁለቱም ባንድነት ወደ ፊት ተገፉ፤ አለፈ። ከዚያ ማዶ ፋድል ፍሬን ያዘና ወርዶ ካፖርቱን ፈታ።

የሼህ ሙቅቢል ጀምቢያ ሆዱ ላይ ታስራለች። ቀበቶዋ ለቀጭኑ ሼህ የተሰፋች ስለሆነች፣ የፋድልን ሆድ ላይና ታች ብላ ለሁለት ከፍላዋለች።

«የፍሬኑ እጀታ ነው የያዛት» አለ ፋድል፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «ለሠርጉ ሰው ጠርቼ ስወርድ፣ ግድግዳውን ታክኬ ስዞር ምንም አልታወቀኝም። ጉብታውን አልፌ ቁልቁል ሳይ ደረቴ ስር ትወዛወዛለች። የሼህ ጀምቢያ በጠራራ ፀሐይ ያወረደ ሰው ልባል? እህቴ የሌባ እህት ተብላ ልትዳር? መልሼ ልሰቅላት ነበር እኮ! ሰው እንዳያይብኝ ታጠቅኳት፤ አሁን ደግሞ አልፈታ አለችኝ። ይሁን፣ ምስማሩ ስር ደርሼ በግድም ቢሆን እፈታታለሁ አልኩ። እርስዎ ግን ከምስማሩ ስር ንቅንቅ አልልም አሉ!»

ዙበይር መንገዱ ዳር ቁጭ አለ። ሳቁን መያዝ ስላቃተው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«እኔ ለሸውቂ እያዘንኩ ስብሰለሰል ነው የዋልኩት» አለ ፋድል። «እርስዎ ይስቃሉ?»

ዙበይር ሸንተረሩን አየ። ፀሐይዋ ለመጥለቅ ትንሽ ነው የቀራት።

«ሆድህን ወደ ውስጥ ሳብ» አለው ተነስቶ። «ቀበቶዋን ልፍታ። ያለው ቤንዚን ወደ ላይ ያደርሰናል?»

«ወደ ላይ ያደርሰናል። ወደ ታች እንግዲህ...»

«ወደ ታችማ ነፋስ አለ» አለ ዙበይር።

*

ሙስዒድ ሱቅ ደጃፍ ሲደርሱ ሦስት ሰዎች ድንጋዩ ላይ በጨዋ ደንብ ተቀምጠዋል።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አላቸው ዙበይር።

«ተራ። መቶ አለቃው ውስጥ እየተላጩ ነው» አለ አንዱ፤ ምስማሩ ላይ ያለውን ኮፍያ እያሳየ። ከዚያ የጠየቀውን ሰው ቀና ብሎ አየውና አፉ ክፍት ቀረ።

ሼሁ መንደርተኛውን አስከትለው መጡ። ዙበይር ካፖርቱ ውስጥ የተጠቀለለችውን ጀምቢያ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ሼሁ ከአፎቷ መዘዝ አድርገው አዩዋት፣ እጀታዋን ዳበሱ፣ ታጠቋት። ወዲያው አንድ ክንድ የረዘሙ መሰሉ።

«ማነው?» አሉ።

«ነፋስ ነው ሼህ።»

ሰዉ ወደ ፊት ጠጋ አለ። ሐጃ ጉሱን እንኳ ከጉድጓዱ አጠገብ ጀሪካናቸውን አስቀመጡ።

«የማን ነፋስ?»

«ሞተር አልፏል ብትሉኝ ኖሮ የባለሞተሩን ስም ጠይቄ እይዘው ነበር» አለ ዙበይር። «ግን አገሩ በሙሉ ሞተር አላለፈም ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። እርስዎም ሰጥተዋል። ነፋስ ደግሞ በእኛ መሥሪያ ቤት አይታሰርም፤ ካቴናው አይበቃውም።»

ሼሁ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። ከዚያ የጎበጠውን ምስማር አዩ። ከዚያ ወደ ፋድል ሆድ ዞሩ፤ ሸሚዙ ላይ የቀበቶ ምልክት እንደ ምድር ወገብ ዞሮታል። ፋድል እግሮቹን አያቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ ሼሁ። «ነፋሱ ቆሟል?»

«አልቆመም። እንኳን ለጀምቢያ፣ ለመቶ አለቃም አይቆምም። እኔ ራሴ አዝዤው አይቻለሁ።»

«ካልቆመ አልሰረቀም» አሉ ሼሁ። ሰዉም «እውነት ነው፣ አልሰረቀም» ብሎ አጉረመረመ። «ሸውቂን አምጡት!»

ሸውቂ እንደ ነጭ መንፈስ ዱቄቱን እያራገፈ መጣ። ሼሁ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። ሰው ሁሉ እያየ ይቅርታ መጠየቅ ለሼህ ከባድ ነገር ነው፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ በድዬሃለሁ» አሉ። «የመላጫ ተራዬን ላንተ ሰጥቻለሁ።»

ሼህ ሙቅቢል ተራቸውን ለማንም ሰጥተው አያውቁም። ሻላቸውን ፈትተው፣ ግማሽ ራሳቸውን ለሕዝብ ገልጠው፣ ድንጋዩ ላይ ተራ ለመጠበቅ ተቀመጡ። ሦስቱ ሰዎች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ሙስዒድም ሸውቂን ወንበር ላይ ጥሎ በግራ እጁ እንደ እብድ ሠራ።

*

ሦስቱም ሞተሯ ላይ ወጡ፤ ፋድል ከፊት፣ ሙሽራው መሀል፣ ዙበይር ኮፍያውን ከምስማሩ አንስቶ ከኋላ። ቁልፍ ማዞር እንኳ አላስፈለገም፤ ቤንዚኑ ሱቁ ደጃፍ ላይ አልቋል። ሸውቂ ከተላጨው ራሱ የሎሚ ሽቶ እየበነነበት «ፍጠኑ፣ ፍጠኑ» ይላል፤ ማስቸኮል ግን አያስፈልግም፤ በሦስት ሰው ክብደት ሞተሯ ራሷ ሮጠች። ጉብታውን ሳያውቁት ዘለሉት።

ገበያው ታየ። የሙሽሪት ቤት ታየ። ጣራው ላይ መብራት ተሰድሯል፣ በራፉ ላይ ሴቶቹ ተሰብስበዋል፣ ከበሮ መቺዎቹ ግን ከበሮአቸው ላይ ክንዳቸውን ጥለው ያዛጋሉ። ፀሐይዋ ሸንተረሩ ላይ የቀረችው ጥፍር ታህል ነው።

«ኧረ ወየው!» አለ ፋድል በድንገት።

«ደግሞ ምን ሆነ?»

«ከበሮ መቺዎቹ የሙሽራውን ሞተር ሲሰሙ ነው የሚጀምሩት! እንዲህ ጭጭ ብለን ከገባን አባቴ ምን ይላል? እንደ ሌባ ድምፁን አጥፍቶ ገባ ነው የሚለው! ከዚያ በኋላ ማንም አያሳምነውም!»

«ጥሩንባውን ንፋ!»

«ባትሪው ካለፈው ረመዳን ጀምሮ ሞቷል!»

ሸውቂ ዓይኑን ጨፈነ። ቤቱ እየቀረበ ነው። ነጭ ጢም ያላቸው አንድ ሰው በራፉ ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ሸንተረሩን ያያሉ።

መቶ አለቃ ዙበይር አሥራ ስምንት ዓመት በፖሊስነት አገልግሏል። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ድምፁን ከፍ ያደረገበት ጊዜ ጥቂት ነው። አሁን ግን ኮርቻው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ሳበ፣ ደረቱን ሞላ።

«ዱዱዱዱዱዱዱ! ፒፒፒፕ! ዊዊዊዊ-ዉዉዉዉ!»

ገበያው ውስጥ ፍየሎች ገመድ በጠሱ። ከበሮ መቺዎቹ ተፈናጥረው ተነሱ፤ ከበሮው ተመታ፤ እልልታው ፈነዳ፤ አንድ ሰው ወደ ሰማይ ተኮሰ። ነጭ ጢም ያላቸው ሰውዬ ክንዳቸውን ፈቱ፤ ፀሐይዋን አዩ፣ ሙሽራውን አዩ፣ ከበሩም ዞር አሉለት። ሸውቂ ሞተሯ ሳትቆም ወርዶ ገባ። ከላይኛው መስኮት መጋረጃ ኋላ የሙሽሪት ሳቅ ተሰማ።

ፋድል ፍሬን ይዞ ሞተሯን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ዙበይር ግን ገና ኮርቻው ላይ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉንጩ ተነፍቶ፣ ላቡ እየወረደ፣ መታጠፊያዎቹን ሁሉ ዳግም በነፋስ እየወረደ ሳይሆን አይቀርም፣ «ዱዱዱዱዱዱዱ» ይላል።

የሙሽሪት አክስት በእጃቸው ጆሯቸውን ይዘው ወደ ፋድል ተጠጉ።

«አንተ ፋድል» አሉ፣ «ደረሳችሁ እኮ! የዚህ ሰውዬ ቁልፉ የት ነው?»